ዐፄ ቴዎድሮስና ሰባት ቶኑ ሸክም

ከጎንደር ተነሥቶ በወገራ ደጋ ላይ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ በመጀመሪያ ዳባትን፣ ቀጥሎም ደባርቅን ያገኛል። እስከዚያ ድረስ ምድሩ ለመንገደኛው የዋህ ነው፤ የገብስ ማሳና የግጦሽ ሜዳ እየተፈራረቁ ይሸኙታል። ደባርቅን አለፍ ሲል ግን መሬቱ በድንገት ይከዳዋል። በምሥራቅ በኩል ከ4500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ዳሽን የሚገኝበት የሰሜን ተራራ ይንጠራራል፤ በፊት ለፊት ደግሞ የሊማሊሞ ገደል አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። በዚህ ገደል ላይ የተሠራው መንገድ ቀጥ ብሎ አይወርድም። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘ፣ አጭሩን ርቀት አስረዝሞ ነው ቆላ የሚደርሰው። ስለምን ተጠማዘዘ? ስለምንስ አጭሩ መንገድ ተትቶ ረጅሙ ተመረጠ?

የዚህን ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሜካኒክስ የተባለው የፊዚክስ ክፍል ነው። እናንተ ወጣት አንባቢዎች ስለ ኀይል፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ሰበቃ፣ ስለ ፍጥነትና ስለ ሥራ በክፍላችሁ ተምራችኋል። ምናልባትም እነዚህ ቃላት ከጥቁር ሰሌዳ ውጭ ሕይወት የሌላቸው መስለው ታይተዋችሁ ይሆናል። ከዚህ ቀጥሎ የምታነቡት ግን እነዚሁ ቃላት የዙፋን፣ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆነው የተገኙበት የአንድ ንጉሠ ነገሥት ታሪክ ነው። እኒህም ንጉሥ በዚሁ በሰሜን ምድር ዘውድ የጫኑት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው።

ቴዎድሮስ የተወለዱት በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ነው። የልጅነት ስማቸው ካሣ፣ የአባታቸው ስም ኃይሉ፣ የእናታቸውም ስም አትጠገብ ይባላል። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። በጎንደር ንጉሠ ነገሥት ተብሎ የሚጠራ ሰው ቢኖርም ሥልጣኑ ከስም አያልፍም፤ አገሪቱን የሚገዙት እርስ በርሳቸው የሚዋጉ መሳፍንት ነበሩ። ካሣ በልጅነታቸው ጭልጋ አጠገብ በሚገኝ ገዳም ፊደልና ዳዊት ተምረዋል። ያ ገዳም በጦር ተወርሮ ሲዘረፍ ተማሪዎቹ ተገደሉ፤ ካሣ ግን አምልጠው ከሞት ተረፉ። ቀጥሎም በዘመዳቸው በደጃዝማች ክንፉ ቤት አድገው የጦር ሙያ ተማሩ። ክንፉ ከሞቱ በኋላ የቋራ ግዛት ለሌላ ሰው ስለ ተሰጠ፣ ካሣ ጥቂት ተከታዮችን ይዘው ሸፈቱ።

የሽፍትነቱ ዘመን የካሣ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሽፍታ ብዙ ሠራዊት፣ ብዙ ስንቅ፣ ብዙ ድንኳን የለውም። ያለው አንድ ነገር ፍጥነት ነው። ሌሊቱን ተጉዞ ጎሕ ሲቀድ ጠላቱን ባልጠበቀው ስፍራ ይመታዋል፤ ጠላቱ ሳይነቃ መልሶ ይሰወራል። የሜካኒክስ ትምህርት እንደሚነግራችሁ፣ የአንድ ተንቀሳቃሽ አካል የመምታት ብርታት ከሁለት ነገሮች ይገኛል፤ አንደኛው ምን ያህል ከባድ መሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው ምን ያህል ፈጥኖ መሄዱ ነው። ትንሽ ድንጋይ ከወንጭፍ ስትወጣ የምትጎዳው ከብዳ ሳይሆን ፈጥና ነው። ወጣቱ ካሣም በዚህ ዐይነት የወንጭፍ ድንጋይ ነበሩ። የሠራዊታቸውን ማነስ በፍጥነታቸው ይክሱት ነበር።

በ1840 ዓ.ም. ግን ፍጥነትና ጀግንነት ብቻቸውን የማይበቁበት ቀን መጣ። ካሣ ብዙ ጦር አስከትለው በሱዳን ወሰን ዳባርቂ በተባለ ስፍራ ከግብፅ መንግሥት ሠራዊት ጋር ገጠሙ። ይህ ስፍራ፣ ስሙ ቢመሳሰልም፣ የሰሜኑ ደባርቅ አለመሆኑን ልብ በሉ። የግብፅ ወታደሮች ቁጥራቸው ያነሰ ቢሆንም ምሽግ ሠርተው፣ መድፍ አጥምደው፣ በሥርዓት ተሰልፈው ጠበቁ። የካሣ ፈረሰኞችና እግረኞች በድፍረት ወደ ምሽጉ ቢጋልቡም በመድፍና በጠመንጃ እሳት እየተመቱ ረገፉ። ካሣ ራሳቸው ከሞት ተርፈው ተመለሱ፤ ነገር ግን የዚያን ቀን የመድፍ ድምፅ ዕድሜ ልካቸውን ከጆሯቸው አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ሥርዓት ያለው ሠራዊትና ከባድ መሣሪያ እንዲኖራቸው የነበራቸው ምኞት እያደር ጠነከረ።

ይሁን እንጂ ምኞታቸው ወዲያው አልተፈጸመም፤ ዙፋኑን ያገኙት በቀደመው ዘዴያቸው፣ በፍጥነት ነው። የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን አግብተው ለጥቂት ጊዜ ቢታረቁም ዕርቁ አልጸናም። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በአይሻል ራስ ዓሊን ድል አደረጉ። ከዚህ በኋላ በሰሜኑ በኩል የቀሩት ታላቅ ባላጋራ የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ነበሩ።

ውቤን ለመግጠም የተደረገው ጉዞ ከወገራ ደጋ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚያወጣ ነበር። ይህን አገር የምታውቁ ወጣቶች ጉዞው ምን እንደሚመስል ትረዱታላችሁ። ወደ ላይ የሚወጣ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ የራሱን ክብደት ያነሣል፤ ከዚህም ላይ ጋሻውን፣ ጦሩን፣ ስንቁን ያነሣል። አየሩ እየሳሳ፣ ብርዱ እየበረታ ይሄዳል። ካሣ ግን ጓዝ ሳያበዙ፣ ሳያርፉና ሳያሳርፉ ገሠገሡ። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ውጊያ ሆኖ ደጃዝማች ውቤ ተማረኩ።

በዚያው ሰሞን በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አቡነ ሰላማ ካሣን ቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ አሰኟቸው። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ውቤ ራሳቸው ነበሩ፤ ያሠሩትም በዚያ ለመንገሥ አስበው እንደ ነበር ይነገራል። ሥራውን ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደ ተቆጣጠረው ይጠቀሳል። ውቤ ለራሳቸው ያዘጋጁት ድግስ ለሌላው ንግሥ ዋለ። አንዱ በደከመበት ሌላው እንደሚጠቀም የሚያሳይ ይህን የመሰለ ነገር በቴዎድሮስ ታሪክ መጨረሻ ላይ ደግማችሁ ስለምታገኙት፣ እስከዚያ ድረስ በልባችሁ አኑሩት።

ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላ የተበታተነችውን አገር አንድ ለማድረግ ተነሡ። ሠራዊቱ ባላገሩን እየዘረፈ በመብላት ፈንታ ደመወዝ ተቀብሎ እንዲኖር፣ የባሪያ ንግድ እንዲቀር፣ ጠቅላይ ግዛቶች ለአንድ መንግሥት እንዲገብሩ ደነገጉ። ከዚህም ሌላ ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደርና ወደ ጎጃም የሚወስዱ መንገዶች እንዲሠሩ አደረጉ። መንገድ ማለት ሰበቃን መቀነሻ፣ ዳገትን ማለዘቢያ መሣሪያ መሆኑን ከብዙዎቹ የዘመኑ ገዥዎች ቀድመው የተረዱ ሰው ነበሩ።

ነገር ግን ሐሳቡ ከገንዘቡ፣ ችኮላውም ከአገሩ ዐቅም በለጠ። ደመወዝ የሚከፈልበት ገቢ ስላልተገኘ ሠራዊቱ ተመልሶ በገበሬው ትከሻ ላይ ወደቀ። የቤተ ክርስቲያንን ርስት ለመቀነስ መሞከራቸው ካህናቱን አስቀየመ። በየአውራጃው ዐመፅ ተነሣ፤ ንጉሡም አንዱን ሲያጠፉ ሌላው እየተቀጣጠለ ወዲያና ወዲህ ይሮጡ ጀመር። በ1852 ዓ.ም. ወዳጃቸው የነበረው የእንግሊዝ ቆንሲል ፕላውደን ጎንደር አጠገብ በዐመፀኛው በጋረድ ሰዎች እጅ ቆስሎ ሞተ። በ1853 ዓ.ም. ጋረድን ለመቅጣት በተደረገው ዘመቻ ደግሞ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ እየተባለ የሚጠራው ታማኝ እንግሊዛዊ አገልጋያቸው ጆን ቤል ንጉሡን ሲከላከል ወደቀ። የንጉሡ በቀል እጅግ መራራ ሆነ። በደባርቅ የተማረኩት የጋረድ ተከታዮች በብዛት እንደ ተገደሉ በታሪክ ይጠቀሳል። ዘውዳቸውን የጫኑበት የሰሜን ምድር ቍጣቸውንም አየ።

ቴዎድሮስ ከኀዘናቸውና ከቍጣቸው ጋር የዳባርቂውን መድፍ አልረሱም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በተባለ ስፍራ ወንጌል ሊሰብኩና የእጅ ሥራ ሊያስተምሩ የመጡ አውሮፓውያን ይኖሩ ነበር። ከእነዚህም መካከል ዋልድማየርና ዛልሙለር ይገኙባቸዋል። ንጉሡ እነዚህን ሰዎች መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዟቸው። እነርሱ ግን የመድፍ ሠራተኞች አልነበሩም፤ ሥራውን የተማሩት እየሠሩ ነበር። እሳቱን የሚችል ምድጃ መገንባት፣ ቅርጹን በጭቃ ማበጀት፣ ብረታ ብረቱን አቅልጦ ሳይቋረጥ ማፍሰስ፣ ሁሉም በሙከራና በውድቀት የተገኘ ዕውቀት ነው። ኢትዮጵያውያን ባለእጆችም አብረዋቸው እየሠሩ ተማሩ። በመጨረሻም በ1859 ዓ.ም. አካባቢ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን ከነሐስ የተሠራ ታላቅ መድፍ ተወለደ። ስሙም በክራይሚያ ጦርነት ዝነኛ በሆነው ከተማ ስም ሴባስቶፖል ተባለ።

ንጉሡ የአውሮፓን ጥበብ የፈለጉት በመድፍ ብቻ አልነበረም። በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ፤ መልስ ግን ሳይመጣ ቀረ። በዚህ ተቈጥተው ቆንሲል ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። ሊያስፈታ የተላከውን ራሳምንም በ1858 ዓ.ም. ተቀብለው ካከበሩት በኋላ ያዙት። ከዚያም ሠራተኞችና መሣሪያ እንዲላኩላቸው ጠየቁ። የእንግሊዝ መንግሥት ባለሙያዎችንና የሥራ መሣሪያዎችን እስከ ምጽዋ ላከ፤ ዳሩ ግን እስረኞቹ ባለመፈታታቸው ባለሙያዎቹ ደጋውን ሳይረግጡ ተመለሱ። ጥበብ በር ድረስ መጥታ በእስራት ምክንያት ተመለሰች ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ የንጉሡ ግዛት በጣም ጠብቦ ነበር። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘርፈውና አቃጥለው ስለ ነበር ሕዝቡ ይበልጥ ራቃቸው። ሠራዊታቸውም በየሌሊቱ እየከዳ ተመናመነ። በእጃቸው የቀሩት በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለው ጥቂት አገርና በወሎ ድንበር የሚገኘው የመቅደላ አምባ ነበሩ። የእንግሊዝ ጦር ሊመጣባቸው መሆኑን በሰሙ ጊዜ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ለመሄድ ወሰኑ። በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ጉዞ ተጀመረ። መድፎቹ ሁሉ፣ ከእነርሱም ጋር ሴባስቶፖል፣ አብረው ይሄዱ ነበር።

አሁን ወደ ፊዚክስ ትምህርታችሁ ተመለሱና ይህን ጉዞ በሒሳብ ዐይን ተመልከቱት።

ሰባት ቶን ማለት ሰባ ኩንታል ነው። ይህ ሁሉ ክብደት በጋሪ ላይ ተጭኖ በለጥ ያለ መሬት ሲቆም ምድር ትሸከመዋለች፤ ሰው የሚታገለው ከሰበቃው ጋር ብቻ ነው። ዳገት ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ባላጋራ ይጨመራል። የክብደቱ ከፊል ወደ ኋላ ይስበዋል። በየዐሥር ሜትሩ ጉዞ አንድ ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ወደ ኋላ የሚስበው የክብደቱ አንድ ዐሥረኛ፣ ማለት ሰባት ኩንታል ነው። በየአምስት ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ደግሞ ዐሥራ አራት ኩንታል ይሆናል። ዳገቱ በቀና ቍጥር የሚያስፈልገው ኀይል ይበዛል፤ ዳገቱ በተኛ ቍጥር ኀይሉ ያንሳል፣ መንገዱ ግን ይረዝማል። በመግቢያችን ላይ ያነሣነው የሊማሊሞ መንገድ የተጠማዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። ጣሊያናዊው ጋሊሌዮ ኳሶችን በተዳፋት ሰሌዳ ላይ እያንከባለለ የመረመረው፣ እንግሊዛዊው ኒውተንም በ1687 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ በሕግ መልክ ያስቀመጠው እንቅስቃሴ ከዚህ የተለየ አይደለም።

በየአምስት ሜትሩ አንድ ሜትር የሚወጣውን ዳገት እንውሰድና፣ ሰበቃው ሌላ ሰባት ኩንታል ይጨምራል ብለን እናስብ። ድምሩ ሃያ አንድ ኩንታል፣ ማለት 2100 ኪሎ ግራም ይሆናል። አንድ ሰው ገመድ ይዞ ሳያቋርጥ በ15 ኪሎ ግራም ኀይል ይጎትታል ብንል፣ 140 ሰዎች ያስፈልጋሉ። ነገር ግን 140 ሰዎች ሁልጊዜ በአንድ ልብና በአንድ ቅጽበት አይጎትቱም። የአንዱ እግር ይንሸራተታል፤ ሌላው ይደክማል፤ መንኰራኵሩ ድንጋይ ሲያገኝ ይገታል። የቆመን ነገር ለማስነሣት ደግሞ የሚሄደውን ከማስቀጠል የበለጠ ኀይል ያስፈልጋል። ስለዚህ ሴባስቶፖልን የሚጎትቱት ሰዎች በብዙ መቶ የሚቈጠሩ መሆናቸው አያስደንቅም።

ሰዎቹ ጎታቾች ብቻ አልነበሩም፤ መንገድ ሠሪዎችም ነበሩ። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ጋሪ የሚሄድበት መንገድ ስላልነበረ፣ መድፉ አንድ እርምጃ ከመሄዱ በፊት እርምጃው መሠራት ነበረበት። ድንጋይ ይፈነቀላል፣ ገደል ይቈረጣል፣ ጉድጓድ ይሞላል፣ ዛፍ ይመነጠራል። ንጉሡም ቆመው የሚያዝዙ ብቻ አልነበሩም። በገዛ እጃቸው ድንጋይ እየተሸከሙ፣ አፈር እየዛቁ ሲሠሩ ያዩዋቸው ሰዎች ይህንኑ ጽፈዋል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ንጉሠ ነገሥት፣ የማይፈራቸው አንድ ነገር አገኙ፤ እርሱም ክብደት ነው። ክብደት አይቀጣም፣ አይሸለምም፣ አይማለድም። የሚታዘዘው ለበቂ ኀይልና ለሚገባ መንገድ ብቻ ነው።

ከሁሉ የከፋው የጅዳና የበሽሎ ሸለቆዎች ነበሩ። ከደላንታ ደጋ ወደ በሽሎ ወንዝ የሚወርደው ቍልቍለት ጥልቀቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነው። ቍልቍለት ላይ ችግሩ ይገለበጣል፤ እስከ አሁን የሚጎትቱት ሁሉ አሁን ወደ ኋላ መያዝ አለባቸው። ሰባ ኩንታል ነሐስ አንድ ጊዜ ከእጅ ካመለጠ የሚያቆመው የለም። ወጪውም ወራጁም በገመድ፣ በጠፍር፣ በትከሻና በትዕግሥት ተፈጸመ። በመጋቢት ወር 1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል ከመቅደላ ሥር ደረሰ። ጉዞው አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጀ። በካርታ ላይ ቀጥ ተብሎ ቢለካ ርቀቱ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ለቀኖቹ ብታካፍሉት፣ ያ በአንድ ሌሊት ተራራ ተሻግሮ ጠላቱን ያስደነግጥ የነበረ ጦረኛ ወደ ግቡ ይቀርብ የነበረው በቀን ከአንድ ኪሎ ሜትር ባነሰ ፍጥነት እንደ ነበር ትረዳላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ሒሳብ እንጨምር። በፊዚክስ ሥራ የሚባለው ኀይልና ርቀት ሲባዙ የሚገኘው ነው። ሰባት ቶን ወደ ላይ 1000 ሜትር ለማንሣት 70 ሚሊዮን ጁል ያህል ሥራ ያስፈልጋል። ቍጥሩ አያስፈራችሁ። ስድሳ ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ያንኑ ዳገት ባዶ እጁን ሲወጣ 600 ሺህ ጁል ያህል ሥራ ይሠራል። ስለዚህ ሴባስቶፖልን ማውጣት፣ ሰበቃው ሳይቈጠር፣ 117 ያህል ሰዎች ገበያ ውለው ወደ ቤታቸው ከሚወጡበት ሥራ አይበልጥም! እንግዲህ ብዙ መቶ ሰዎችን ለወራት ያደከመው ምንድን ነው? መልሱ ሸክሙ መክበዱ ብቻ ሳይሆን አለመከፈሉ ነው። የደባርቅና የዳባት ገበሬ ሰባ ኩንታል ገብስ ከቆላ ወደ ደጋ ማውጣት ቢኖርበት አንድ ላይ አስሮ አይጎትተውም። በኩንታል በኩንታል ከፋፍሎ በአህያና በበቅሎ ይጭነዋል፤ እያንዳንዱም እንስሳ የየራሱን ድርሻ ይዞ በቀጭን መንገድ ይወጣል። መድፍ ግን አይከፈልም። ከሰባ ኩንታል አንዱን ብቻ ለይቶ ማሳለፍ አይቻልም፤ ወይ ሁሉም ያልፋል፣ ወይ ሁሉም ይቀራል።

በናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። 13000 ያህል ወታደሮች በቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወረዱ፤ ከእነርሱም ከፊሎቹ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው መቅደላ ደረሱ። የተራራ መድፎቻቸው ተፈታተው በበቅሎ የሚጫኑ ነበሩ፤ ከባዶቹን ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ከነሌላው ጓዝ ተሸከሙ። በበለጠ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። እንግሊዞች የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ ሲደርሱ፣ ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ያሠሩትን መንገድ ተዘጋጅቶ አገኙት፤ በዚያም ወረዱ፣ ወጡም። ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ እንደ ነገሡ ሁሉ፣ ቴዎድሮስ በሠሩት መንገድ ጠላቶቻቸው መጡ። መንገድ የሚያውቀው ክብደትን እንጂ ባለቤቱን አይደለም።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዓርብ፣ በእሮጌ ሜዳ ላይ ጦርነት ሆነ። ከፈላ ተራራ ላይ የተተኰሱት የንጉሡ መድፎች አረራቸው በጠላት ራስ ላይ እያለፈ ከኋላ ወደቀ። ይህም የሜካኒክስ ጉዳይ ነው። ከመድፍ አፍ የወጣ አረር ወደ ፊት እየሄደ ሳለ በምድር ስበት ወደ ታች ይወድቃል። ከከፍታ ላይ ሲተኰስ መሬት እስኪነካ ድረስ ብዙ ጊዜ ስለሚያገኝ፣ በሜዳ ከሚደርስበት አልፎ ይሄዳል። ይህን ለማረም ስሌትና ልምምድ ያስፈልጋል፤ የንጉሡ ተኳሾች ደግሞ ይህን የሚማሩበት ጊዜም ሆነ ትምህርት ቤት አላገኙም። ከመድፎቹም አንዱ ሲተኰስ ፈነዳ። በፊታውራሪ ገብርዬ የሚመራው ሠራዊት በታላቅ ጀግንነት ቍልቍል ወረደ፤ ነገር ግን ከኋላ በሚጐርሱ አዳዲስ ጠመንጃዎች ፊት ረገፈ። ገብርዬም ከ700 ያህል ጓዶቻቸው ጋር ወደቁ። ከእንግሊዝ ወገን የቈሰሉት 20 ብቻ ነበሩ፤ ከእነርሱም ሁለቱ ሞቱ። ያን ያህል የተደከመበት ሴባስቶፖል የጦርነቱን ውጤት አልለወጠም።

ቴዎድሮስ እስረኞቹን ለቀቁ፤ እጃቸውን ግን ለመስጠት አልፈቀዱም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የትንሣኤ ማግስት ሰኞ፣ እንግሊዞች የመቅደላን በር ሰብረው ሲገቡ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

ስለዚህ ንጉሥ ስታስቡ ሁለት ነገር አንድ ላይ ያዙ። አንደኛው፣ ቴዎድሮስ ከዘመናቸው ቀድመው ያዩትን ነው። አገር በጦር ብዛት ብቻ እንደማትጠበቅ፣ ጥበብና ሙያ እንደሚያስፈልጋት፣ መንገድና የሥራ ቤት የመንግሥት አጥንት መሆናቸውን ተረድተው ነበር። መድፍ በኢትዮጵያ ምድር ሊቀልጥ እንደሚችል አሳይተዋል፤ ከዐለት ዐለት ሲጎተትም የራሳቸውን ትከሻ አልሰሰቱም። ሁለተኛው፣ ያልሆነላቸው ነገር ነው። ዕውቀቱ በጥቂት እንግዶች እጅ ቀረ፤ እነርሱም ግማሽ እንግዳ፣ ግማሽ እስረኛ ነበሩ። ጥበብ ደግሞ በሰንሰለት ታስራ አትራባም፤ የምትራባው ከመምህር ወደ ተማሪ እየተላለፈች ነው። የአገሪቱንም ሸክም እንደ መድፉ ሳይከፍሉ በአንድ ገመድ ሊጎትቱት ሞከሩ። ገመዱን የያዙት እጆች በፍርሃት፣ በረኃብና በቂም እየላሉ ሲሄዱ፣ ሸክሙ ባለበት ቆመ። የሰዎች ነገር እንደ ድንጋይ ነገር በሒሳብ ብቻ እንደማይወሰን እርግጥ ነው። ሆኖም ብዙዎች የሚጎትቱት ሸክም የሚሄደው ጎታቾቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጎትቱ ብቻ መሆኑ ለሁለቱም እውነት ነው።

በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖል አምሳያ ቆሟል፤ ያየው ሰው ሁሉ ዘመኑን ያስታውስበታል። እውነተኛው መድፍ ግን ዛሬም በመቅደላ ሥር እንደ ተቀመጠ ነው። እንግሊዞች ብዙ ቅርስ በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ሲወስዱ እርሱን ሊያነሡት አልቻሉም። ኒውተን እንዳስተማረው፣ የቆመ አካል ሌላ ኀይል ካልነካው እንደ ቆመ ይኖራል። እናንተ በየክፍላችሁ ኀይልንና ሥራን የምትማሩ ወጣቶች፣ ንጉሡ በትከሻ የታገሉትን ነገር በእርሳስና በወረቀት ልትመረምሩት ትችላላችሁ። ቴዎድሮስ ሲመኙት ኖረው ሳያዩት የሞቱት ጥበብ በእናንተ ደብተር ላይ ይገኛልና፣ ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትቍጠሩት።